ሁለት ሰው የዘጋው ቧንቧ

የምስክር ቃል መቀበያ

ጉዳዩ፦ በአንዲት የሸራ ጀልባ ላይ ሆነ ተብሎ ደረሰ የተባለ ጉዳት
የምስክር ስም፦ በተያያዘው የመታወቂያ ቅጂ ላይ ያለው፤ በወደቡ «እትዬ ሸራ» በመባል ይታወቃሉ
ዕድሜ፦ ስድሳ አንድ ዓመት
ሥራ፦ የጀልባ ሸራ ሰፊ
አድራሻ፦ ከጀልባ መቆሚያው ፊት ለፊት፣ ከሸራ መስፊያው በላይ ያለው ቤት
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜ፦ ሐሙስ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ
ከተጠርጣሪው ጋር ያላቸው ዝምድና፦ ሚስት
ከአመልካቹ ጋር ያላቸው ዝምድና፦ እህት

እኔ ከላይ የተጠቀስኩት ምስክር፣ ያየሁትንና የማውቀውን ብቻ እንድናገር፣ ሐሰት ብናገርም በሕግ እንደምጠየቅ ተነግሮኝ የሚከተለውን ቃል ሰጥቻለሁ። ተጠርጣሪውም አመልካቹም ዘመዶቼ በመሆናቸው መመስከር እንደማልገደድ መርማሪው አስረድቶኛል። እኔም የመጣሁት ሁለቱም የእኔ ስለሆኑ ነው ብያለሁ። ባዳ ቢሆኑማ ቤቴ ተቀምጬ ሸራዬን እሰፋ ነበር።

ተጠርጣሪው ባለቤቴ ሲሆን፣ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ በጡረታ የተገለለ ነው። ሰው ሁሉ ሹፌሩ ይለዋል። አመልካቹ ታላቅ ወንድሜ ሲሆን፣ በሙዚቃ ጓድ ውስጥ ጥሩምባ ሲነፋ የኖረ ነው። ጥሩምባው ይባላል። ስሙ የወጣለት ግን በሙያው ብቻ አይደለም፤ አንድ ነገር በጆሮው ከነገሩት እስከ ምሳ ሰዓት ወደቡን ያዳርሰዋል። ጀልባዋ የአባታችን የነበረች አሮጌ ባለ አንድ ምሰሶ የሸራ ጀልባ ናት። አባታችን ሲያልፍ ጀልባዋን ለወንድሜ፣ አደራዋን ለባሌ ሰጥቶ ነው ያለፈው። ጠቡ ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው ብዬ አምናለሁ።

ነገሩ እንዲገባ ስለ ቧንቧዎቹ መናገር ግድ ይላል። መርማሪው ባጭሩ ብሎኛል። ከጀልባዋ ሆድ ሥር፣ ውኃ ውስጥ በሚጠልቀው በኩል፣ ሦስት ቀዳዳዎች አሉ። በአንደኛው ለሞተሩ ማቀዝቀዣ የባሕር ውኃ ይገባል፤ ሁለቱ የመጸዳጃውና የእቃ ማጠቢያው ናቸው። ጀልባ ላይ ቀዳዳ ምን ይሠራል የሚል ሰው ሊኖር ይችላል፤ ነገር ግን ያለ ቀዳዳ የሚኖር ፍጡር የለም። መርማሪው ይህም ይጻፍ ወይ ሲለኝ ይጻፍ ብያለሁ። በየቀዳዳው ላይ ወፍራም የነሐስ መዝጊያ ተገጥሟል፤ እኛ በልማድ የሆድ ቧንቧ እንለዋለን። ውስጡ መሐሉን የተበሳ ሾጣጣ ነሐስ አለ። እጀታው ከመዝጊያው ወደ ውስጥ በሚሄደው የውኃ ጎማ አቅጣጫ ሲዘረጋ ክፍት ነው፣ አግድም ሲሆን ዝግ ነው። አባታችን አንድ ሕግ ነበረው፤ የሞተሩን ቧንቧ የዘጋ ሰው የሞተሩን ቁልፍ እዚያው እጀታው ላይ ያንጠለጥላል። ቧንቧው ተዘግቶ ሞተር ከተነሣ ሞተሩ ይቃጠላል። ቁልፉ እዚያ ከተሰቀለ ግን ማንም ሳይጎነበስ፣ ሳይከፍት ሊያስነሣው አይችልም። ይህን ልማድ የምናውቀው እኔ፣ ወንድሜና ባሌ ነን።

ሁለቱ የተኳረፉት ከሦስት ሳምንት በፊት፣ ጀልባዋ ለዓመት እድሳቷ ከውኃ በወጣችበት ቀን ነው። ባሌ ቧንቧዎቹን በካቻቪቴ ጫፍ ጫር ጫር አድርጎ አየና ነሐሱ ቀይ ቀይ ብሏል፣ ውስጡን ተበልቶ ይሆናል፣ ሳይሰበር በፕላስቲክ ይቀየር አለ። ወንድሜም «አባቴ የገጠመውን ነሐስ በፕላስቲክ? አንተ ራስህ በፕላስቲክ ተቀየር» ሲል መለሰለት። በግቢው የነበረ ሰው ሁሉ ሳቀ። ባሌ ሲሳቅበት አይወድም። ያን ጊዜ በሰው ፊት «ከእንግዲህ በዚህች ጀልባ ላይ እግሬን ባሳርፍ እግሬ ይሰበር» ብሎ ማለ። ከአፍ የወጣ አፋፍ እንዲሉ ሆነና ሁለቱም እንደተዘጋጉ ቀሩ።

ባለፈው ቅዳሜ ወንድሜ ቧንቧዎቹን ማደስ ጀመረ። ይህ ሥራ ሁለት ሰው የሚፈልግ ሲሆን ሁለተኛው ሰው ሁልጊዜ ባሌ ነበር። ዘንድሮ ስላኮረፈ መብራት ያዥ እኔ ሆንኩ። ወንድሜ ዳዶውን ፈታ፣ ሾጣጣውን በእንጨት መዶሻ መትቶ አወጣው፣ የአምናውን ግራሶ በጨርቅ ጠረገው። ከዚያ አሸዋ ያለበትን የመሞረጃ ቅባት ቀብቶ ወደ መዝጊያው መለሰውና ወዲያና ወዲህ ያሽከረክረው ጀመር። ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ ነው። ሾጣጣው ዙሪያውን አንድ ዓይነት አመድማ መልክ እስኪይዝ ድረስ አይቆምም፤ አንድ ቦታ ላይ የሚያብለጨልጭ ከቀረ ውኃ በዚያ ያሾልካል። ሁለቱን እንዲህ ጨርሶ በነጭ ጋዝ አጠባቸው፣ በወፍራም ግራሶ ለውሶም መልሶ ገጠማቸው። ነሐሱ ከላዩ ቀላ ይበል እንጂ ውስጡ ጤነኛ ቢጫ ነበር። ወንድሜም «ሂጂና ለዚያ ለፕላስቲክ ባልሽ ንገሪው» አለኝ። ምሳ ሰዓት ሄጄ ነገርኩት። ባሌም «ስለዚያች ጀልባ የጠየቀሽ አለ?» አለኝ። ትንሽ ጎርሶ ደግሞ «ሦስቱንም አያችሁ?» ሲል ጠየቀኝ።

ከምሳ በኋላ የሞተሩ ቧንቧ ቀረ። ይህኛው ከሞተሩ ጀርባ ጥግ ውስጥ ስላለ ሰው በሆዱ ተኝቶ፣ እጁን እስከ ብብቱ አስገብቶ፣ በዳበሳ ነው የሚደርስበት። የሌሎቹ እጀታዎች በአንድ በኩል ብቻ ነው የሚገቡት። የሞተሩ ግን ድሮ ተሰብሮ አባታችን ከሌላ ቦታ ባመጣው እጀታ ስለተካው፣ ባለ አራት ማዕዘኑ የሾጣጣ ራስ ላይ በፈለጉት በኩል ይገባል። ስለዚህ አባታችን በሾጣጣው ራስና በእጀታው ላይ በሞረድ አንድ አንድ ጭረት አበጀ። ሁለቱ ጭረት ፊት ለፊት ሲገጥም እጀታው ልክ ነው።

ወንድሜ ዕድሜ ልኩን ጥሩምባ ሲወለውል የኖረ ሰው ነው። ያደፈ ነሐስ ካየ እጁ አያርፍም። ሾጣጣውን አሳምሮ ካደሰ በኋላ ራሱንም እጀታውንም በብርጭቆ ወረቀት ጀምሮ፣ በጥሩምባው መወልወያ ቅባት ጨርሶ፣ ፊት የሚታይባቸው አደረጋቸው። እኔም «ያምራል» አልኩት። ማንም የማያየው ጥግ ውስጥ ለሚገባ ነገር ይህን ያህል መድከም ምን ይባላል ብዬም ስቄበታለሁ። ከዚያም በሆዱ ተኝቶ መግጠም ጀመረ። ሲገጥም ስለ ባሌ ይናገር ነበር። ሠላሳ ዓመት አስፋልት ላይ የኖረ ሰው ስለ ባሕር ምን አገባው የሚል ነው። ንግግሩ ስለበለጠበት የጎማውን ማሰሪያ ብሎን አንድ ሁለቴ አዙሮ ተወው። ሾጣጣውን አስቀድሞ ዘግቶት ስለነበር እጀታውን በዳበሳ ጭኖ «ይኸው፣ ዝግ ነው» አለኝ። ቁልፉን ሳይሰቅል ሞተሩ ላይ እንደተወው መብራቱን አጥፍተን ወጣን።

ጀልባዋ ማክሰኞ እኩለ ቀን በክሬን ተነሥታ ውኃ ውስጥ ገባች። ወንድሜ ወለሉን ከፍቶ ዳበሰ፣ ደረቅ ነበር። ጠብታም አልነበረም። ደስ ብሎት እያፏጨ ወደ ቤቱ ሄደ።

በዚያው ዕለት ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ከመስፊያዬ መስኮት ሆኜ ባሌ ወደ ጀልባዋ ሲገባ በዓይኔ አይቻለሁ። ግራ ቀኙን አይቶ ገባ፣ ጥቂት ቆየ፣ እጁን በመሐረብ እየጠረገ ወጣ። ይህን አልክድም። ነገር ግን ማክሰኞ ብቻ አይደለም። ከተኳረፉበት ቀን ጀምሮ በየቀኑ በዚያ ሰዓት «ትንሽ ነፋስ ልቀበል» ይለኝና ይወጣል። ጀልባዋ ግቢ ውስጥ ሳለች የቆመችባቸውን የእንጨት ድጋፎች አንድ በአንድ እየነካካ ይዞራት ነበር። ባሌ ሳይተኛ በፊት የምድጃውን ማጥፊያ ሦስቴ የሚነካ ሰው ነው። አውቶቡስ ሲነዳም ልጆቹ ወርደው ካለቁ በኋላ በየመቀመጫው ሥር ጎንበስ ብሎ ሳያይ በሩን ቆልፎ አያውቅም። ታዲያ አደራ ያለበትን ጀልባ በአንድ መሐላ ይተዋታል ማለት ዘበት ነው። እኔም እንዳላየሁ ሆኛለሁ። ባልን አንዳንዴ እንዳላዩ ማለፍ ነው ትዳር የሚያቆየው።

ረቡዕ ማለዳ የወደቡ ጥበቃ ጀልባዋ ወደ ታች ሰምጣ፣ ውኃው ከወለሏ በላይ ወጥቶ አገኛት። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው እንደሚባለው፣ ሌሊቱን ሙሉ ድምፅ ሳያሰማ ሲገባ ያደረ ውኃ ነው። አዲስ የሰፋሁት ሸራ ውስጥ ይንሳፈፍ ነበር። ወንድሜ በርሮ መጥቶ ፓምፕ ተከለ። ሦስቱን እጀታዎች ቢዳብስ ሁሉም አግድም ናቸው፣ ዝግ ናቸው። ውኃው ግን ፓምፑ ባስወጣው ልክ ይገባል። ስለዚህ ጀልባዋን ከሥር የበሳት ሰው አለ አለ። ጥበቃው ሹፌሩን ትናንት አይቼዋለሁ ሲለው ለሌላ ማስረጃ አልቆየም፤ ከዚያው ወደ ፖሊስ ጣቢያ መጣ። ባሌን የወሰዱት ጫማውን እያሰረ ሳለ ነው።

ባሌ ምን ልታደርግ ገባህ ተብሎ ሲጠየቅ ምንም ቃል እንደማይሰጥ መርማሪው ነግሮኛል። ሆድ ይፍጀው ብሎ ተቀምጧል። እኔ ለምን እንደሆነ አውቃለሁ። ቃል ከሰጠ የማለባትን ጀልባ በየቀኑ ሲጠብቅ እንደነበር ወንድሜ ይሰማል፣ ወንድሜ ከሰማ ወደቡ ይሰማል። እንዲህ ከሚሳቅበት ቢታሰር ይመርጣል። ትናንት ሻይና ዳቦ ይዤለት ስገባ ቀበቶውን ተቀብለውት ሱሪውን በእጁ ይዞ ቆሞ አየሁት። እሱ ግን ስለ ጠበቃም ስለ ዋስም አልጠየቀኝም። «ፓምፑ ይሠራል?» ነው ያለኝ። ማልቀሴን ምስክርነቱ ውስጥ ማስገባት አያስፈልግም ብያለሁ፤ መርማሪው ግን አስገብቶታል።

እስከዚህ ከተናገርኩ በኋላ መርማሪው ከመሳቢያው አንድ ቁልፍ አውጥቶ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠና «ይህን ያውቁታል?» ሲል ጠየቀኝ። የጀልባዋ ሞተር ቁልፍ መሆኑን ተናገርኩ። የተገኘው በሞተሩ ቧንቧ እጀታ ላይ ተንጠልጥሎ ነው፤ አመልካቹም ተጠርጣሪው ቁልፉን እዚያ የሰቀለው ሊያላግጥበት ነው ብለዋል አለኝ። በዚህ ጊዜ ሳቅኩ። ፖሊስ ጣቢያ ውስጥ እንደማይሳቅ ተነግሮኝ ነበር፣ አልቻልኩም። «ልጄ፣ ሊያሰጥም የገባ ሰው ሞተሩ እንዳይቃጠል ያስባል እንዴ?» አልኩት። ባሌ ቁልፉን እዚያ የሰቀለው ዘግቼዋለሁ ብሎ ስላመነ ብቻ ነው። ወንድሜም ቅዳሜ ዝግ ነው ያለው ከልቡ ነው። የዘጋው አንድ ሰው ቢሆን ኖሮ ጀልባዋ ዛሬ ደረቅ ነበረች። ያን ጊዜ ነው ወንድሜ የወለወለው ነሐስ ትዝ ያለኝ። የአባታችንን ጭረት አብሮ ወልውሎታል። ያለ ጭረት በዳበሳ የተጫነ እጀታ ደግሞ ክፍቱን ዝግ፣ ዝጉን ክፍት ሊያሳይ ይችላል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ወንድሜ ላይ ደረሰ ማለት ነው። ለመርማሪው አሁኑኑ ወደ ጀልባዋ እንሂድ፣ ባሌም ይምጣ ብዬ ለመንኩት፤ እሱም ፈቀደ።

ከጠዋቱ አራት ሰዓት ተኩል ላይ መርማሪው፣ ባሌና እኔ መቆሚያው ደረስን። ወንድሜ ፓምፑ አጠገብ ባልዲ ደፍቶ ተቀምጦ ነበር። ሌሊቱን እንዳልተኛ ዓይኑ ያስታውቃል። ባሌን ሲያይ ፊቱን አዞረ። እኔም «ጋሼ፣ የሞተሩ ቧንቧ ይከፈት» አልኩት። «ባልሽ የጀመረውን አንቺ ልትጨርሺ መጣሽ?» አለኝ። «ዛሬን ብቻ እመነኝ፤ ከሰጠመች ቤቴን ትወስዳለህ» አልኩት። ባልዲውን ይዞ ከመንገዱ ገለል ሲል ፈቀደ አልን። ባሌ ግን ጠርዙ ላይ ሲደርስ እግሩን አንሥቶ ቆመ። በወንድሜ ፊት መሐላውን ማፍረስ አፍሮ ነው። መርማሪው «በሕግ ታዘው ስለሚገቡ መሐላው አይቆጠርም» ሲለው ገባ።

ባሌ በሆዱ ተኝቶ እጁን አስገባና አግድም የነበረውን እጀታ ወደ ጎማው አቅጣጫ አዞረው። ማንም ቢያየው ከፈተው የሚለው አዟዟር ነው። ወንድሜ ዓይኑን ጨፈነ። ጥቂት ቆይቶ ከትናንት ጀምሮ ሲያጓራ የነበረው ፓምፕ አንድ ሁለቴ ሳል ሳል አለ፣ ባዶ አየር ሳበና የሚያወጣው አጣ። መርማሪው በገዛ ዓይኑ ሊያረጋግጥ ፈልጎ ባሌን ከሥፍራው አስነሣ፣ ገብቶ የላላውን ጎማ ነቀለ፣ እጀታውን መልሶ አግድም በማድረግ «ዘጋው»። ውኃው ደረቱን መትቶ እስከ ጫማው ድረስ አራሰው። ይህ ከጉዳዩ ጋር ግንኙነት የለውም ቢልም ዋናው ማስረጃ እሱ ስለሆነ እንዲጻፍ ጠይቄ ተጽፏል።

ባሌ ተመልሶ ገባና ውኃውን አቆመ። ጎማውን መለሰ፣ የማሰሪያውን ብሎን እስከ መጨረሻው አጠበቀ። እጀታውን ነቅሎ በትክክለኛው በኩል ገጠመው፤ አሁን አግድም ሲሆን ዝግ ሆነ። ከዚያ ተኝቶ ሳለ እጁን ወደ ኋላ ዘርግቶ «ቁልፉን» አለ። መርማሪው ቁልፉ ኤግዚቢት መሆኑን ረስቶ አቀበለው። ባሌም እንደ ልማዱ እጀታው ላይ ሰቀለው።

ወንድሜ አንገቱን አስግጎ ቁልፉን አየ። ቀጥሎም «ማክሰኞም እንዲህ ነው ያደረግኸው?» ሲል ጠየቀው። ባሌ «ክፍት መስሎኝ ነው። እንዲያው ሞተሩን ሳታይ አስነሥተህ እንዳታቃጥለው ብዬ» አለው። ወንድሜ «ከመቼ ጀምሮ ነው የምትመጣው?» አለ። ባሌ ጫማውን ያይ ጀመር። እኔ ከተኳረፋችሁበት ቀን ጀምሮ ብዬ መለስኩ። ወንድሜ ጥሩምባ ነፍቶ የማያውቅ ይመስል ትንፋሽ አጠረው። ደግሞም ሳቀ፣ ዓይኑም እንባ አቀረረ፤ የትኛው እንደቀደመ መመስከር አልችልም። ከዚያ ከመሣሪያ ሣጥኑ ሞረድ አንሥቶ ለባሌ ሰጠውና «ጭረቱን አንተ አውጣው፤ አደራው የአንተ ነው» አለው። መብራቱን ራሱ ያዘለት። ባሌም በሾጣጣው ራስና በእጀታው ላይ አንድ አንድ ጭረት አወጣ። ወንድሜ ጎንበስ ብሎ አየና ጠማማ ነው አለ። ባሌ በፕላስቲክ ቀይረው አለው። ሁለቱም እዚያው ጥግ ውስጥ ተጣብቀው ሲስቁ መርማሪውና እኔ ወጥተን ጠበቅናቸው።

ከላይ የሰፈረው ቃል ተነብቦልኝ አድምጬዋለሁ። ሁለቱ ከዚያ በኋላ እዚያ ጥግ ውስጥ ሆነው የተባባሉትን ሰምቼ አስቀርቻለሁ፤ የእነሱ ስለሆነ ነው። የቀረው ሁሉ በዓይኔ ያየሁትና በጆሮዬ የሰማሁት እውነት መሆኑን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

የምስክሯ ፊርማ፦ (ተፈርሟል)

ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ፦ (ተፈርሟል። ወረቀቱ ከታች በኩል የራሰው ከመርማሪው እጅጌ ነው።)

ማስታወሻ፦ አመልካቹ አቤቱታቸውን በዕለቱ ያነሡ ሲሆን ተጠርጣሪውም ወዲያውኑ ተለቅቀዋል። አመልካቹ በዚህ ቃል ላይ ፊርማቸው እንደማያስፈልግ ቢነገራቸውም ካልፈረምኩ አልወጣም በማለታቸው ከታች ፈርመዋል። ከፊርማቸው በላይ በእጃቸው የጻፉት እንደሚከተለው ይነበባል፦ «ሁለታችንም ዘግተናታል።»